አማካዩ የማን ነው? ደቡብ ጎንደር በቆጠራና በናሙና ሰንጠረዥ ውስጥ

ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ለመትከል ወይም ደብረ ታቦር ላይ መጋዘን ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት በቅድሚያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ሰው አለ? ስንት ኩንታል ይመረታል? ለሁለቱም መልስ የሚሰጡ ሰንጠረዦች አሉ። ሰንጠረዡ ውስጥ ማን እንደገባና ማን እንደቀረ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ብዙ አይደለም። የጥናት ሰዎች «ፍትሐዊ መረጃ» ሲሉ ለገበያ ሰው የስብከት ጉዳይ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ መሆኑን ለማየት ግን ከሕዝብ ቆጠራው መጀመር ይበቃል።

በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ደግሞ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተመዘገበ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት በ2.6 በመቶ ሲያድግ የክልሉ ዕድገት 1.7 በመቶ ብቻ ነበር ማለት ነው። ቀደም ሲል ከተተነበየው ጋር ሲነጻጸር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎደለ። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥያቄ ያስነሣውም ይኸው ነበር።

ጉድለቱ በሙሉ የቆጣሪ ስሕተት ነው ማለት ተገቢ አይሆንም። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት እናት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአማራ ክልል በአማካይ 5.1፣ በኦሮሚያ 6.2 ነበሩ። ወሊድ መቀነሱ እውነት ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከክልሉ የሚወጣውም ጥቂት አይደለም። ይሁንና ይህን ያህል ቁጥር በእነዚህ ብቻ ማስረዳት ለዚህ ጸሐፊ ከባድ ሆኖ ይታየዋል።

ቁጥሩ የሚያስከፍለው ዋጋ በበጀት በኩል ይመጣል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለክልሎች ድጎማ የሚያከፋፍልበት ቀመር በቀድሞው ጊዜ ትልቁን ክብደት የሚሰጠው ለሕዝብ ብዛት ነበር። ኋላ ላይ የየክልሉን የወጪ ፍላጎትና የገቢ አቅም ወደሚያሰላ ዘዴ ቢለወጥም፣ የትምህርቱም የጤናውም ወጪ የሚሰላው በሰው ቁጥር ነው። ያልተቆጠረ ሰው ክሊኒክ ይሄዳል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፣ ጨውና ዘይት ይገዛል፤ በጀት ግን አልተያዘለትም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። አራተኛው ቆጠራ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሲገፋ ቆይቶ፣ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ለአንድ ዓመት አራዘሙት፤ ከዚያ ኮሮና መጣ። ስለሆነም የየዞኑና የየወረዳው የሕዝብ ትንበያ የሚነሣው ከ1999ኙ ቆጠራ ነው። በዚያ ቆጠራ የደብረ ታቦር ነዋሪ 55,596 ነበር፤ በ1987 ከነበረው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ዞኑ በጠቅላላው ያደገው በ16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከተማዋን በዞኑ የዕድገት መጠን ገምቶ መጋዘን የሠራ ሰው ካለ፣ ቶሎ ጠብቦታል።

ከቆጠራው ወደ ምርቱ እንለፍ። ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ውጤት የሚወጣው በዞን ደረጃ ነው። ደቡብ ጎንደርን ደግሞ በአንድ አማካይ መግለጽ የሚያስቸግር ነው። በወረታ–ወልድያ መንገድ የሚጓዝ ሰው ጉዞውን ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ከተስፋፋበት ከፎገራ ሜዳ ይጀምራል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጉናን አልፎ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ላይ ጋይንት ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የልማታዊ ሴፍቲኔት ተረጂ ያለባቸው ወረዳዎች ናቸው። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ ቤት 30 ኩንታል፣ ሌላው 4 ኩንታል ቢያገኝ አማካዩ 17 ነው። 17 ኩንታል ያገኘ ቤት ግን የለም።

ጉዳቱ የሚደርሰው በአማካዩ ውስጥ በተሸፈነው ድሃ ላይ ብቻ አይደለም። «ሴፍቲኔት ወረዳ» የሚለው ስም ሲለጠፍ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ጋይንት ውስጥ በመስኖ ድንች የሚያለማ ገበሬም፣ ከእሱ ገዝቶ የሚጭነው ነጋዴም ለአበዳሪ የሚታዩት እንደ ተረጂ ጎረቤታቸው ነው። የዓመታዊው ጥናት ዋና ሪፖርት የመኸር ምርት በመሆኑ የበጋ ድንች ያለበትን ገበያ ከዚያ ላይ የሚፈልግ ደላላም ይሳሳታል።

ሌላው ጥያቄ ማን ተጠየቀ የሚለው ነው። በግብርና ጥናቱ መልስ የሚሰጠው «ባለይዞታው» ሲሆን፣ በተለምዶ የቤቱ አባወራ ነው። በአማራ ክልል የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ግን የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። ቅዳሜ ገበያ እህል ሰፍራ የምትሸጠው፣ ጠላ ጠምቃ የጨውና የሳሙና ወጪ የምትሸፍነው ሚስት ናት። ስለ ሽያጩ ባልን ብቻ የጠየቀ ጥናት የሚያገኘው የግማሹን ቤት ገበያ ነው። ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው የተካሄደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት በመሬቱ ላይ የሚወስነው ማን እንደሆነ ለይቶ መጠየቁ እዚህ ላይ ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ይኸው ጥናት በ2014 ዓ.ም. ሲካሄድ ትግራይን አላካተተም፤ ምክንያቱ ጦርነቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ባለባቸው ወረዳዎችም ለመረጃ ሰብሳቢ መንገዱ ቀላል አልሆነም። ናሙና ሲጎድል በእጣ አይጎድልም፤ የሚቀረው መኪና የማይገባበት፣ ገበያው የተዘጋ፣ ዋጋው የናረ ቀበሌ ነው። በእነዚያ ቀበሌዎች ቦታ የተደረሰባቸው ቀበሌዎች ዋጋ ተባዝቶ ሲገባ ክልሉ በወረቀት ላይ ከእውነቱ የረከሰ ሆኖ ይታያል። የጅምላ ነጋዴ ይህን ወረቀት ይዞ ውል ከመፈራረሙ በፊት በሰንጠረዡ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን፣ የትኞቹ ቦታዎች እንዳልተሸፈኑ የሚናገረውን መስመር ቢያነብ ጥሩ ነው።