ዝቃጩን አይቶ ከመደምደም በፊት

የገበታ ጨውን የመሰሉ አዮናዊ ውሁዶች ውሃ ውስጥ ሲሟሙ አዎንታዊና አሉታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶቻቸው፣ ማለትም አዮኖቻቸው፣ ተለያይተው በየፊናቸው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ሁለት ብጥብጦች ሲደባለቁ የሚገናኙት አዮኖቹ እንጂ ውሁዶቹ አይደሉም። ስለዚህ የኬሚካዊ ለውጡን ዓይነት መለየት የሚጀምረው ከአዮኖቹ የትኛው እንደተለወጠ፣ የትኛውስ እንደነበረ እንደቀረ ከመጠየቅ ነው። የፖታሲየም ናይትሬትና የገበታ ጨው ብጥብጦች ቢደባለቁ በወረቀት ላይ ልውውጥ መስሎ የሚጻፍ ቀመር ይገኛል፤ በብርጭቆው ውስጥ ግን ምንም ለውጥ የለም።

ሲልቨር ናይትሬት ክሎራይድ ያለበት ውሃ ላይ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ፣ ማለትም የማይሟማ ጠጣር፣ ይወጣል። ይሁንና ካርቦኔትም ከሲልቨር ጋር ዝቃጭ ስለሚሠራ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨምራል፤ ካርቦኔቱም ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ተለውጦ ይወገዳል። እዚህ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድን መጠቀም የሚፈለገውን ክሎራይድ ራሱን ከውጭ ማስገባት በመሆኑ ፈተናውን ዋጋ ያሳጣዋል። አሲድና ቤዝ ተገናኝተው ገለልተኛ የሚሆኑበት ለውጥ ደግሞ ለዓይን የሚታይ ምልክት ላይሰጥ ይችላል፤ ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ አዮኖች ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ የሚወጣውን ሙቀት የሚናገረው ቴርሞሜትር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ብጥብጥ ቀለም ከሌለው ፖታሲየም አዮዳይድ ጋር ሲገናኝ ነው። ድብልቁ ወዲያው ቡናማና ድፍርስ ስለሚሆን ብዙ ተማሪዎች «ዝቃጭ» ብለው መዝግበው ያልፋሉ፤ በእርግጥም ዝቃጭ አለ፣ ነገር ግን ቡናማው ቀለም የዝቃጩ አይደለም። ሶዲየም ታዮሰልፌት በጠብታ ሲጨመር ቡናማው ጠፍቶ ነጣ ያለ ኮፐር አዮዳይድ ይቀራል፤ የጠፋው ቀለም የአዮዲን ነበር። ኮፐሩ ከአዮዳይዱ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሙሉን ከሁለት ወደ አንድ በመቀነሱ፣ ይህ የኤሌክትሮን ዝውውርና የዝቃጭ መውጣት አንድ ላይ የተፈጸሙበት ለውጥ ነው።

በማዕድን ውስጥ ያለው የመዳብ፣ ማለትም የኮፐር፣ መጠን በታይትሬሽን (በጠብታ እየጨመሩ በመለካት) የሚታወቀውም በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የኮፐር አዮን አንድ የታዮሰልፌት አዮን ይውላል። ዝቃጩ ጥቂት አዮዲን በገጹ ላይ ይዞ ስለሚያስቀር ልኬቱ ከእውነተኛው እንዳያንስ፣ ወደ መጨረሻው ጥቂት ፖታሲየም ታዮሲያኔት ተጨምሮ የተያዘው አዮዲን ይለቀቃል።