የጊዮርጊስ ፈረስ ባለቤቶች

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አብቅቶ ሰው ሲበተን፣ ፈረሳቸውን ከአንድ ግሮሰሪ ደጅ ያሰሩ አባት የጊዮርጊስ ቢራ ጠርሙሳቸውን አዟዟሩና ምልክቱ ላይ በጦር የሚወጋውን ፈረሰኛ አተኩረው አዩት። "ለመሆኑ ይሄ ጊዮርጊስ የማን ነው?" አሉኝ። የፈረንሳዮች ነው አልኳቸው። "ከነሱ በፊትስ?"

የፋብሪካው ታሪክ የሚጀምረው በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ካቋቋመው ቤልጅየማዊ፣ ከሙሴ ዳዊት ሃል ነው። በቤልጅየም ቢራ መጥመቅ የቤተሰብ ርስት ነው። ዱቬልን የሚጠምቁት ሞርትጋቶች በ1871 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ልጅ ከአባት እየተረከበ አራተኛ ትውልድ ላይ አድርሰውታል። የእኛው ጊዮርጊስ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ፤ በ1990ዎቹ መግቢያ ቢጂአይ ገዛው። የቢጂአይ ባለቤት ካስቴልም ቢሆን ዘጠኝ ወንድማማቾችና እህትማማቾች በ1949 እ.ኤ.አ. ቦርዶ ላይ በወይን ንግድ የመሠረቱት የቤተሰብ ድርጅት ነው። ወራሽ አላጣም፤ ወራሹ ግን ሩቅ አገር ነው።

ቤልጅየሞች አንድ ጊዜ ተመልሰው ነበር። በሩዋንዳ ስኮል ቢራን የሚጠምቀው የሬሌኮም ቤተሰብ ድርጅት ዩኒብራ፣ በ2009 ዓ.ም. ጉብሬ ላይ በተመረቀው ዘቢዳር ቢራ ፋብሪካ አብዛኛውን ድርሻ ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ያም ለቢጂአይ ተሸጠ።

"ባለቤት መቀየሩን የማውቀው ቢራ የሚያወርደው ሰውዬ ሲቀየር ነው" አለችኝ ዳንግላ ላይ ግሮሰሪ ያላት ሴት። "ቤተሰብ ይሁን መንግሥት፣ ባዶ ሳጥን ካላስረከብኩ ሙሉ አይወርድልኝም። እናቴ ትሻላለች። ለጠላዋ ብቅሉን ራሷ ታበቅላለች፣ ጌሾውን ራሷ ትወቅጣለች፣ ጋኑም የእናቷ ነው። ባዶ አምጪ የሚላት የለም።" ማስታወሻ ደብተሬን ስዘጋም አላቆመችም፦ "ጻፈው እንጂ! ከእኛ ቤት የሚበልጥ የቤተሰብ ፋብሪካ የት አለ?"

የቢራው ብቅል ግን ከገበሬው ገብስ ነው። እንጅባራና ዳንግላ ካሉበት ከአዊ ዞን ገብስ ምን ያህሉ ለቢራ ብቅል እንደሚሄድ አንድ የዞን ኃላፊ ጠይቄ "በደብዳቤ አምጣ" ተባልኩ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም። መልሱ በከፊል ማሳው ላይ ይታያል። በዞኑ ባንጃና ፋግታ ለኮማ ወረዳዎች አፈሩ በአሲድ ተጠቅቶ ገብስ ያለ ኖራ እምብዛም አያፈራም። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ማሳውን ለዲከረንስ ዛፍ ለቋል፤ ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆንና በጭነት መኪና ወደ ከተማ ይወጣል።