ጾሙ ቢፈታም ሥጋ ያልበላው ሰው

የትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ከጮኸ በኋላ በአዲስ አበባ መንደሮች የሚያልፍ መንገደኛ በየቤቱ ምን እንደ ቀረበ ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ መዓዛው ራሱ ይነግረዋል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ጧፉን አጥፍቶ፣ ነጠላውን አጣጥፎ፣ ኀምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሲናፍቀው ከቆየው ከዶሮ ወጡ ፊት ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት ግን አንድ ወዳጄ፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ቀርቦ የበላው ሽሮ ነበር፤ እርሱም ቅቤ ያልነካው የጾም ሽሮ ነው። ሚስቱ አየችው፤ ትልልቆቹ ልጆች ተያዩ። ትንሿ ልጅ ብቻ፦

«አባዬ፣ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ለእናንተ ተፈትቷል» አላት።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በዚያች ሌሊት ነው። እኔም ታሪኩን ከራሱ ከሰማሁ በኋላ፣ ሥጋን ዓመቱን ሙሉ ለመተው የሚያስብ ሰው በከተማችን እየበዛ ስለ ሄደ፣ የወዳጄ ነገር ለአንባቢያን ቢነገር ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ሥጋን ስለ መተው በሌላው ዓለም ብዙ ተጽፏል። በእንግሊዝ አገር ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ማኅበር በራምስጌት ከተማ የተቋቋመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ነው። ማኅተማ ጋንዲም በ1888 ሕግ ለመማር ወደ ለንደን ከመሄዱ በፊት ሥጋ እንዳይቀምስ ለእናቱ ምሎ ነበር፤ በኋላ ግን በዚያው ከተማ የሄንሪ ሶልትን መጽሐፍ ቢያነብ፣ በመሐላ ብቻ ይዞት የነበረውን ነገር በገዛ ፈቃዱ መረጠው። አንድ አውሮፓዊ ሥጋን ለመተው ሲያስብ በመጀመሪያ የሚያስጨንቀው «ታዲያ ምን ልበላ ነው?» የሚለው ነው።

ለእኛ አገር ምእመን ይህ ጭንቀት የለበትም። ሁዳዴ፣ የነቢያት ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ፣ ገሃድ፣ ከዚህም ጋር ረቡዕና ዓርብ ቢደመሩ፣ ጿሚ የሆነ ሰው የዓመቱን እኩሌታ ያህል፣ አንዳንድ ዓመትም ከዚያ የበለጠ ቀን፣ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይነካ ያሳልፋል። (ስለ ዓሣው ጉዳይ ክርክር አለ፤ ለካህናት እንተወው።) ስለዚህም እናቶቻችን ከምስርና ከአተር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ያልሠሩት ነገር የለም፤ ምስር ወጡ፣ የክክ አልጫው፣ ስልጆው፣ እልበቱ፣ አዚፋው፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍቱ፣ ጎመኑ፣ የሽምብራ ዓሣው ሳይቀር አለ። በዋሽንግተን ከተማ ባሉት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበሉ ፈረንጆች በየዐይነቱውን ከበው የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በጾም የለመድነው እነርሱ ፈልገው ያገኙት ነገር ሆኗል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ወዳጄ እንደ ነገረኝ ችግሩ ያለው በጾሙ ሳይሆን በፍስኩ ነው። በጾም ወራት ሁሉም ከሁሉ ጋር እኩል ነው፤ ብቻዬን ነኝ የሚል የለም። ጾሙ ሲፈታ ግን ሽሮ የሚፈልገው ሰው ብቻውን ይቀራል። ይልቁንም በዓለ ኀምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ወቅት፣ እጅግ ከባድ ነው። በምሳ ሰዓት ወደ ለመደው ምግብ ቤት ገብቶ የጾም በየዐይነቱ ቢጠይቅ፣ አስተናጋጇ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ፍስክ ነው» ብላ እንደ መሳቅ አለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ቆሎና ሙዝ በቦርሳው ይዞ ይሄድ ጀመር።

ሁለተኛው ቅርጫው ነው። በሰፈሩ አሥራ ሁለት ቤተ ሰቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ የሚገዙበት ቅርጫ አለ፤ ገንዘቡን የሚሰበስበውም፣ በሒሳብ ዐዋቂነቱ፣ እርሱ ራሱ ነው። ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ ዕጣ የሚጣልበት ያ ጠዋት የሥጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ ጉበቱም በሚጥሚጣ እዚያው የሚቀመስበት ነው። ወዳጄ ከቅርጫው ቢወጣ ከጎረቤት እንደ ወጣ ይቈጠርበታል። ስለዚህ አልወጣም፤ ድርሻውን ይከፍላል፣ ሥጋውን ለቤተ ሰቡ ያስገባል፣ ጉበት ሲቀርብለት «ጥርሴን አሞኛል» ይላል። ጥርሱ ሁልጊዜ በበዓል ቀን ብቻ መታመሙን የሰፈሩ ሰው ከመቼውም ሳያስተውል አልቀረም። አንዳንዱ «ጤና የለውም» አለ፤ ሌላው «ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆን?» ብሎ አማ። አንድ ሙስሊም ጎረቤቱ ብቻ ተደስቶ፦ «እንግዲህማ በሠርግ ላይ አንተና እኔ ከአንድ ማዕድ እንበላለን» አለው። እውነቱን ነው፤ የክርስቲያኑ ሥጋና የሙስሊሙ ሥጋ በየድንኳኑ ይለያያል፤ ጎመንና ምስር ግን ሁለቱንም ያስማማሉ።

ምክንያቱን ብጠይቀው ለየሰው የተለየ ምክንያት ሲሰጥ እንደ ከረመ ሳይደብቅ ነገረኝ። ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «ሥጋ ተወደደ» ይላል፤ ይህም ውሸት አይደለም። ለእናቱ «ሐኪም ከለከለኝ» አለ። ለሚስቱ ብቻ እውነቱን ነገራት። በዚያ ዓመት የበዓሉን በግ እንደ ልማዱ ሊያርድ ቢላውን ሲስል፣ ሳምንቱን ሙሉ ሣር ያበላው በግ እጁን ይልሰው ጀመር፤ እርሱም ቢላውን ለጎረቤቱ ልጅ ሰጥቶ ወደ ቤት ገባ። «ከዚያ ወዲህ፣ ሌላ ሰው እንዲያርድልኝ አድርጌ መብላት ፍርሃት እንጂ ርኅራኄ አልመስልህ አለኝ» ሲል ነገረኝ። እኔ በግ አርጄ እንቅልፍ አጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ይህን ሲናገር ልቀልድበት አልቻልሁም።

ሚስቱ አልተቃወመችም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፦ «ጽድቁ ያንተ ሆኖ ሁለተኛውን ድስት የምጥደው እኔ ነኝ?» ሥጋን ለመተው የሚያስብ ባለ ትዳር ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሊመልስ ይገባዋል እላለሁ። ወዳጄ ሽሮና ምስር መሥራት ተማረ። የመጀመሪያው ሽሮው ጓጉሎ ውሻው እንኳ አልቀመሰውም፤ አሁን ግን በፍስክ ቀን የራሱን ድስት ራሱ ይጥዳል። ልጆቹን አላስገደደም፤ እነርሱ ይበላሉ።

የንስሐ አባቱንም አማከረ። መነኮሳት ሥጋን ጨርሰው እንደሚተዉ፣ በዋልድባም እህል እንኳ ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩ እንዳሉ እያወቀ፣ «እንግዲህ እኔም ብተው ምን ይለኛል?» ብሎ ነበር። እርሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን በጾም ሥጋን የምታስተወን ሥጋው ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰውነትን ለመግዛት ነው፤ መተው ትችላለህ፣ በሚበላው ላይ ግን አትፍረድ ብለው አሰናበቱት።

ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያገኘው ግን ከሐኪም ዘንድ ነው። ለእናቱ «ሐኪም ከለከለኝ» ያለው ሰው ወደ ሐኪም የሄደው ከዚያ በኋላ መሆኑ ያስቃል። «ግማሹን ዓመት ያለ ሥጋ ከኖርሁ ሌላው ግማሽ ምን ያቅተኛል?» ቢል፣ ሐኪሙ «ጾም መጨረሻ አለው፤ ያንተው ግን መጨረሻ የለውም» አለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቢ 12 የሚባለው ቪታሚን በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ይገኛል፤ በእህልና በአትክልት ውስጥ ግን የለም። እንጀራው መቡካቱም ይህን አያመጣም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ማይኖትና መርፊ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በገዳይ የደም ማነስ ለተያዙ ሰዎች ጉበት እያበሉ ያድኑ ነበር፤ በ1934 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ በጉበቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ምን እንደ ሆነ ገና አልታወቀም። ተለይቶ የተገኘው በ1948 ነው። ለአዋቂ ሰው የሚያስፈልገው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በዐይን የማይታይ ኢምንት ነገር።

አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። ጉበታችን ይህን ቪታሚን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ያጠራቅማል። ስለዚህ ሥጋና ወተት ጨርሶ የተወ ሰው በመጀመሪያው ዓመት «ይኸው ደኅና ነኝ» ሊል ይችላል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ግን እግሩ ይደነዝዛል፣ ምላሱ ይቈስላል፣ ይገረጣል፣ ይረሳል። የነርቭ ጉዳት ከቈየ በሕክምናም ላይመለስ ይችላል። ወዳጄም ይህን ሲሰማ አሳቡን አሻሻለ፤ ሥጋውን ይተዋል፣ ጾም ባልሆነ ቀን ግን እርጎ፣ አይብና እንቁላል ይበላል፤ ደሙንም በየዓመቱ ያስመረምራል። እነዚህንም የሚተው ሰው ቪታሚኑን በኪኒን ወይም በመርፌ መውሰድ ግዴታው ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃን ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር እንዲህ ያለውን ነገር መጀመር ድፍረት ነው።

የብረቱ ነገር ሌላ ነው። ጤፍ ብረት አለው ሲባል እንሰማለን፤ እርግጥ ነው፣ ምንም እንኳ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለው በአውድማ ላይ ከአፈሩ የሚገባ ቢሆን። ነገር ግን የእህልን ብረት ሰውነታችን የሚቀበለው ከሥጋው ባነሰ መጠን ነው። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ያግዙታል፤ ቡናና ሻይ ያግዱታል። ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና የምናፈላ ሰዎች ይህን ስንሰማ ቅር ይለናል። ወዳጄ አሁን ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ያቈያል፤ ሥጋውን ከመተው ይልቅ ይህ እንደ ከበደው ይምላል። በሌላ ወገን ሽሮና እንጀራ አብረው መበላታቸው ትልቅ ጥበብ ነው፤ በእህሉ ውስጥ የሚያንሰውን የገንቢ ምግብ ዐይነት ጥራጥሬው ይሞላዋል። ጓያን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ በችግር ዘመን ስንቱን ሰው በበትር አስኪዶታል።

ሥጋ ጎጂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለጠየቀኝ፣ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በጨው፣ በጭስና በመድኃኒት የተሰናዳውን ሥጋ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል፤ ቀዩን ሥጋም ይጠረጥረዋል። ጥሬ ሥጋ ስለሚያመጣው ኮሶ አያቶቻችን ያውቁ ነበር፤ የኮሶን አበባ በየጊዜው የሚጠጡት ለዚህ ነው። ሆኖም ሥጋ ትቶ በዘይት የዋኘ ሽሮና ነጭ ዳቦ የሚበላ ሰው ጤና አገኘሁ ቢል አላምነውም። ደግሞም ይህ ጥያቄ የጠገበ ሰው ጥያቄ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ሥጋ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚያይ ገበሬ፣ እንቁላሉን ሸጦ ጨው ለሚገዛ ሰው፣ «ሥጋ ልተው ወይ?» ማለት ቀልድ ነው።

ወደ እናቱ ልመለስ። ለእናቱ የተናገራት ያቺ ትንሽ ውሸት አልተኛችም። እኒያ እናት፣ በገጠር የሚኖሩ ሴት፣ «ሐኪም ሥጋ ከለከለኝ» የሚለውን በስልክ በሰሙ ጊዜ ልጃቸው በክፉ በሽታ ተይዟል ብለው ጠበል ለጠበል ዞሩ፤ በመጨረሻም ልጃቸው ድኖ ሥጋ ለመብላት ቢበቃ አንድ በግ እንዲያስገቡ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ። ወዳጄ ይህን ከእኅቱ ሲሰማ አፍሮ በሐምሌ ወር ወደ አገሩ ወረደ።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። በሽታ የለብኝም፤ ሥጋ የተውሁት በፈቃዴ ነው» አላቸው።

እናቱ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ስለቴስ? አንተ ሥጋ ካልበላህ ስለቴ አልሰመረም ማለት ነው» አሉ። እርሱም የሚመልሰው አጣ።

በማግስቱ ሐምሌ 19 ነበር። እናቱ በማለዳ ተነሥተው በጉን ከጉረኖ ፈቱና «ና ያዝልኝ፤ ልጄ አልታመመም፤ ይህ አያንሰኝም» አሉት። ወዳጄ በጉን እየሳበ፣ እናቱ በትራቸውን ተመርኩዘው ከኋላ እየተከተሉ፣ ስለቱን ለቤተ ክርስቲያን አስገቡ። ሲመለሱ ለጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ ቀረበ። ለእርሱ ግን እናቱ ምስሩን ለብቻ በትንሽ ድስት ሠርተውለት ኖሯል፤ ከማቅረባቸው በፊትም ድስቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ቅቤ እንዳልነካው አሽትተው፣ «የጾም ነው፤ ብላ» አሉት።