የዓምዱ ስም አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት

ሁለት ዳታቤዞችን በኮድ ማገናኘት ቀላል ነው፤ ከባዱ ትርጉማቸውን ማስማማት ነው። ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ መረጃው የሚናገረው መረጃ፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የምሠራበት የጤና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ሲሆን ቅርንጫፉ አዲስ አበባ ነው። የሁለቱን የታካሚ መዝገብ ወደ አንድ የማምጣት ሥራ ለእኛ ቡድን ተሰጠ። በሁለቱም ሠንጠረዦች «የልደት ቀን» የሚል ዓምድ አለ። አንዱ ግን የሚሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው በጎርጎርዮሳዊው።

ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች ሲስተሙ «ስህተት» ብሎ ይመልሳታል፤ ይህ እንኳ ደግ ነው። የሚያሰጋው በጸጥታ የሚያልፈው ነው። በ2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እንደ ፈረንጆቹ 2007 ከተነበበ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል። የ11 ዓመቱ ልጅ በመዝገቡ ላይ አዋቂ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሐኪም የመድኃኒት መጠን ሲወስን የሚያየው ይህንኑ መዝገብ ነው።

«የቤተሰብ ስም» የሚለው ዓምድም ያው ነው። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ስለሆነ አባትና ልጅ በዚህ ዓምድ አይገናኙም። በእሱ ተመርቶ ቤተሰብ ሊያሰባስብ የሚሞክር ፕሮግራም ቤተሰቡን ይበትነዋል።

አይኤስኦ/አይኢሲ 11179 የተባለው የሜታዳታ መዝገብ ስታንዳርድ ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሰጣል፦ ፅንሰ ሐሳቡን ከአጻጻፉ ይለያል። «የአንድ ሰው የልደት ቀን» አንድ ፅንሰ ሐሳብ ነው፤ የሚጻፍበት መንገድ ግን ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሠረት ለእያንዳንዱ ዓምድ አራት ነገር መዘገብን፦ ምን ማለት እንደሆነ፣ በምን አቆጣጠር ወይም መለኪያ እንደሚሞላ፣ ከየትኛው ሲስተም እንደመጣ፣ ጥያቄ ሲነሳ መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ። የመቀየሪያውን ኮድ የጻፍነው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተጻፈውንም ቀን አላጠፋነውም፤ ከተቀየረው ጎን አስቀመጥነው።

ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ፖስትግሬስ ላይ «ኮሜንት ኦን ኮለም» የሚለው ትእዛዝ ማብራሪያችሁን ከዓምዱ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ከምትሠሩበት ዳታቤዝ አንድ የቀን ዓምድ ምረጡና በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሞላ ጻፉበት። ለማወቅ ሰው መጠየቅ ካስፈለጋችሁ፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያም ያንኑ ሰው መፈለጉ አይቀርም።