የጎርፍን መንገድ የሚያሳዩ መስመሮች

የክረምት ዝናብ ሲበረታ የማትሰጋ እናት የለችም። በተለይም ቤቷ ወንዝ ዳር የሆነ እንደሆነ ልጆቿን አስተኝታ እርሷ ጆሮዋን ወደ ውጭ ጥላ ታድራለች። ይሁን እንጂ ጎርፍ ሁልጊዜ በደጃችን ከጣለው ዝናብ አይመጣም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ጎርፍ ከከተማዋ በላይ ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች ወርዶ ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት የደረሰ ነበር።

ታዲያ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ አስቀድሞ ማየት ይቻላልን? አዎን፣ ይቻላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ የኮንቱር ካርታ ነው። ኮንቱር ማለት ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። መስመሮቹ ሲጠጋጉ መሬቱ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ሲራራቁ ግን ለጥ ያለ መሆኑን ያስረዳሉ። ወደ ከፍታው በኩል እንደ ቀስት ጫፍ ሹል ብለው የታጠፉ እንደሆነ ደግሞ በዚያ ሸለቆ አለ ማለት ነው። የውሃው መንገድም ይኸው ነው።

በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞ አብዛኛውን የዓለም የብስ ከፍታ በራዳር ለካች። ከ6ቱ ተጓዦች 2ቱ፣ ጃኒስ ቮስና ጃኔት ካቫንዲ፣ ሴቶች ነበሩ። ልኬቱ በየ30 ሜትሩ ገደማ አንድ ቁጥር ሆኖ ዛሬ ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣል።

ቁጥሩን ወደ መስመር የሚለውጠው ኮምፒዩተር ነው። ለዚህም ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ጥቂት ትእዛዞችን መጻፍ ይበቃል። ይኸውም «ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ አንብብ፤ በየ20 ሜትር ከፍታ አንድ መስመር አስምር» እንደ ማለት ነው። ስሌቱም ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንዱ ነጥብ 1,190 ሜትር፣ ጎረቤቱ 1,210 ሜትር ቢሆን የ1,200 ሜትሩ መስመር በሁለቱ እኩሌታ ላይ ያልፋል። ይህንኑ በሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ሲደጋግመው ካርታው ይወጣል።

ሆኖም ካርታው ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። በ30 ሜትር ውስጥ ስንት ቤት አለ! በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ ወይም አዲስ የተሠራ አጥር በነዚህ ቁጥሮች አይታይም። ይህን የሚያውቀው የሰፈሩ ነዋሪ ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ሴት ልጃችሁ ኮምፒዩተር ልማር ስትል «የወንድ ሥራ ነው» አትበሏት። ይልቁንም የሰፈራችሁን ኮንቱር እንድታወጣላችሁ ጠይቋት። ከዚያም አብራችሁ ተቀምጣችሁ ባለፈው ክረምት ውሃው እስከየት እንደ ደረሰና የትኛው ቦይ እንደ ተደፈነ በጣታችሁ አሳዩአት። እርሷ ቁጥሩን፣ እናንተ የኖራችሁበትን ስታዋጡ ልጆቻችሁ የሚተኙበት ቤት በውሃው መንገድ ላይ መሆን አለመሆኑን ትረዳላችሁ። ቦዩን ለማስጠረግም ሆነ ለሚመለከተው ክፍል ለማመልከት ጊዜው ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው።