የሞባይል ኢንተርኔት ፍጥነት ንጽጽር

የሞባይል ኢንተርኔት ፍጥነት ንጽጽር ማለት የተለያዩ የሞባይል ኔትወርኮች መረጃን ወደ ስልክ የሚያወርዱበትንና ከስልክ የሚልኩበትን ፍጥነት ለክቶ ጎን ለጎን ማየት ነው። ንጽጽሩ ከአንድ በላይ አገልግሎት ሰጪ ባለበት አገር ሁሉ ይደረጋል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ለተራው ተጠቃሚ ትርጉም ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ብቸኛ ኔትወርክ የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም ስለነበር የሚያወዳድሩት ነገር አልነበረም። ዛሬ በ09 የሚጀምር ቁጥርና በ07 የሚጀምር ቁጥር በአንድ ስልክ ይዞ መዞር የተለመደ ሆኗል፤ «ዳታ የምገዛው በየትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄም በየዕለቱ የሚነሳ የገንዘብ ጥያቄ ነው።

ለጥያቄው አንድ ቁጥር ጠቅሶ መመለስ አይቻልም። የአንድ ኔትወርክ ፍጥነት እንደ ቦታው፣ እንደ ሰዓቱ፣ እንደ ስልኩና እንደ መለኪያው ይለያያል። በአንድ ሰፈር ቀዳሚ የሆነው ኔትወርክ ሁለት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ኋላ ቀር ሊሆን ይችላል።

ሜጋቢትና ሜጋባይት

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በቢት በሰከንድ ሲሆን፣ የፋይል መጠንና የዳታ ጥቅል ግን የሚቆጠሩት በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «100 ሜጋ» ተብሎ የሚነገር ፍጥነት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት እንጂ 100 ሜጋባይት ማለት አይደለም፤ በሰከንድ የሚያወርደው 12.5 ሜጋባይት ነው። የ1 ጊጋባይት ፊልም በ20 ሜጋቢት በሰከንድ ለማውረድ 400 ሰከንድ፣ ማለትም ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሁለቱን አሃዶች ማደባለቅ ስምንት እጥፍ ስህተት ያስከትላል፤ በማስታወቂያም በወሬም ላይ በብዛት የሚያጋጥም ስህተት ነው።

ከማውረጃ ፍጥነት ሌላ ሁለት ልኬቶች አሉ። አንደኛው የመጫኛ ፍጥነት ነው፤ ቪዲዮ ወደ ቲክቶክ ለሚጭን ወይም ፎቶ ለደንበኛ ለሚልክ ሰው ከማውረጃው በላይ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው መዘግየት ወይም በተለምዶ ፒንግ የሚባለው ነው። ይህም ትንሽ መልእክት ከስልኩ ወጥቶ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ ሲሆን በሚሊሰከንድ ይለካል። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ድምፅ ለመነጋገር በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት ያነሰ ፍጥነት ይበቃል፤ ጥሪውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የፍጥነት ማነስ ሳይሆን የመዘግየቱ መርዘምና መዋዠቅ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው።

ለቪዲዮም የሚያስፈልገው ፍጥነት ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ዩቲዩብ ለ480 ጥራት 1.1፣ ለ720 ጥራት 2.5፣ ለ1080 ጥራት ደግሞ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል። ስለዚህ 30 እና 60 ሜጋቢት የሚሰጡ ሁለት ኔትወርኮች በስልክ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም። በ1 እና በ3 ሜጋቢት መካከል ያለው ልዩነት ግን በግልጽ ይታያል።

ትውልዶችና የወረቀት ላይ ፍጥነት

የሞባይል ኔትወርኮች በትውልድ ይከፈላሉ። በ2ጂ የሚሠራው ጂፒአርኤስ በተግባር የሚሰጠው በሰከንድ ጥቂት አሥር ኪሎቢቶችን ነው። 3ጂ ሲጀመር 384 ኪሎቢት ነበር፤ በኋላ በመጡት ማሻሻያዎች እስከ 42 ሜጋቢት ደርሷል። 4ጂ ወይም ኤልቲኢ በ20 ሜጋኸርዝ የሞገድ ስፋትና በሁለት አንቴና 150 ሜጋቢት፣ ሞገዶች ሲጣመሩ ደግሞ 300 ሜጋቢትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በስልኩ አናት ላይ የሚታየው ምልክት ስልኩ በዚያ ቅጽበት የያዘውን ትውልድ ያሳያል።

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ 4ጂ በ2007 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በሙከራ ደረጃ ያስተዋወቀው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃዱን ያገኘው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በሙከራ ጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ።

ከላይ የተጠቀሱት ፍጥነቶች ሁሉ የወረቀት ናቸው። አንድ ሰው ብቻ፣ ከማማው አጠገብ፣ ምንም ሳይከልለው፣ በጥሩ ስልክ ሲጠቀም የሚገኙ ጣሪያዎች ናቸው። ልዩነቱን ለማየት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ5ጂ ያወጣውን መስፈርት መመልከት ይበቃል። የሴሉ ከፍተኛ ፍጥነት 20 ጊጋቢት በሰከንድ ተብሎ ሲቀመጥ፣ በተጨናነቀ ከተማ ተጠቃሚው በእጁ ሊያገኘው የሚገባው ደግሞ 100 ሜጋቢት ነው። መስፈርቱን ያወጣው አካል ራሱ በሁለቱ መካከል የ200 እጥፍ ልዩነት አስቀምጧል ማለት ነው። ማስታወቂያ የሚጠቅሰው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው።

ፍጥነትን የሚወስኑ ነገሮች

ትልቁ ምክንያት መጋራት ነው። አንድ የማማ ሴል ያለውን አቅም በዚያ ሰዓት ለሚጠቀሙት ሁሉ ያከፋፍላል። ለምሳሌ 60 ሜጋቢት የሚያስተናግድ ሴል ላይ 30 ሰው እኩል ቢያወርድ ለእያንዳንዱ 2 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያው ሴል ለአንድ ሰው ሙሉ አቅሙን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የደንበኛ ብዛት ራሱ በንጽጽሩ ውስጥ ይገባል፦ አዲስ የመጣ ኔትወርክ ደንበኛው ጥቂት እስከሆነ ድረስ ፈጣን ሆኖ ይታያል፤ ደንበኛው ሲበዛና ማማው ካልበዛ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። ይህ የቴክኖሎጂው ብልጫ ወይም ድክመት አይደለም።

ሁለተኛው ሞገዱ ነው። ዝቅተኛ ሞገድ፣ ለምሳሌ 800 ወይም 900 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም ያልፋል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ የሚሸከመው መረጃ ያነሰ ነው። ለ5ጂ የሚውለው የ3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ብዙ ይሸከማል፤ ሆኖም በአጭር ርቀት ይደክማል። የቤቱ አሠራርም ለውጥ ያመጣል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚመልስ፣ ክዳኑም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነ ሱቅ ውስጥ የሚለካ ፍጥነት በር ላይ ወጥቶ ከሚለካው በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ሕንፃ ምድር ቤትም እንዲሁ ነው።

የመብራት መቋረጥም አለ። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይሠራል፤ ባትሪው ካለቀ ሴሉ ይዘጋና ተጠቃሚዎቹ ወደ ጎረቤት ሴል ይሸጋገራሉ። በዚያው ሰዓት የቤትና የቢሮ ዋይፋይ ስለሚጠፋ ያ ሁሉ ሰው የሞባይል ዳታ ይከፍታል። በእንዲህ ያለ ሰዓት የተወሰደ ልኬት የኔትወርኩን የዘወትር ሁኔታ አያሳይም፤ በሌላ በኩል መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ላለ ሰው ይኸው ራሱ የዘወትር ሁኔታው ነው።

ሁለቱ የኢትዮጵያ ኔትወርኮች በአንዳንድ ቦታ ማማ ይጋራሉ። አንድ ማማ ላይ መሆናቸው ግን ፍጥነታቸውን አንድ አያደርገውም፤ የየራሳቸው የሬዲዮ መሣሪያና የሞገድ ድርሻ አላቸው።

ከማማው በኋላ ያለው መንገድም ይቆጠራል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚሄደው መረጃ በጎረቤት አገሮች አልፎ ነው ወደ ባሕር ሥር ገመዶች የሚደርሰው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጀርመኗ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ሰርቨር ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚያ በላይ ነው። ይህን ርቀት ማንኛውም የ5ጂ ስልክ አያሳጥረውም።

የስልኩ ድርሻ

የንጽጽርን ውጤት በብዛት የሚያዛባው ስልኩ ራሱ ነው፤ የሚጠረጥረው ሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙ የቆዩ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች 4ጂ የሚይዙት በአንደኛው የሲም ቦታ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው በ2ጂ ወይም በ3ጂ ተወስኖ ይቀራል። ሰውየው ነባሩን ሲም በመጀመሪያው ቦታ ትቶ አዲሱን በሁለተኛው ቦታ ቢከትና ቢለካ፣ ያወዳደረው ሁለት ኔትወርኮችን ሳይሆን የራሱን ስልክ ሁለት ቀዳዳዎች ነው። ሲሞቹን አቀያይሮ መድገም ነገሩን ያጣራል።

ከዚህም ሌላ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ስልክ እዚህ ያለውን የሞገድ ባንድ በሙሉ ላይደግፍ ይችላል፤ ማማው 4ጂ እያሰራጨ ስልኩ 3ጂ ላይ ይቀራል። የኤልቲኢ ስልኮች በምድብም ይለያያሉ፦ ምድብ 4 ስልክ ጣሪያው 150 ሜጋቢት፣ ምድብ 6 ደግሞ 300 ሜጋቢት ነው። ቪፒኤን ከተከፈተ መረጃው በሌላ አገር ዞሮ ስለሚመጣ የሚለካው የቪፒኤኑ ፍጥነት ይሆናል።

የመለኪያ መተግበሪያዎች

በጣም የታወቀው የኡክላ ድርጅት ስፒድቴስት ነው። ይህ መለኪያ አቅራቢያ ያለ ሰርቨር መርጦ ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ በመክፈት መንገዱ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይፈልጋል። ኤም ላብ የሚባለው ነጻ መለኪያ በአንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚለካ በአብዛኛው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። የኔትፍሊክስ መለኪያ ፋስት ደግሞ የሚለካው ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች የሚመጣውን ነው። ኦፕንሲግናል ተጠቃሚው ሳያዘው ከበስተጀርባ በየጊዜው ይለካል። ሁሉም እውነት ይናገራሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ አንዱን ኔትወርክ በስፒድቴስት፣ ሌላውን በፋስት ለክቶ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

የሰርቨሩ ቦታም ቁጥሩን ይለውጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሰርቨር የተገኘ 50 ሜጋቢት በስልኩና በከተማው መካከል ያለውን መንገድ ያሳያል፤ ውጭ አገር ያለ ድረ-ገጽ በዚያው ፍጥነት ይከፈታል ማለት አይደለም።

ልኬቱ ራሱ ዳታ ይበላል፤ ኔትወርኩ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይበላል። በ40 ሜጋቢት ለ15 ሰከንድ ማውረድ 600 ሜጋቢት፣ ማለትም 75 ሜጋባይት ነው። በ100 ሜጋባይት የቀን ጥቅል ላይ ሁለተኛውን ሲም ሳይለኩ ጥቅሉ ሊያልቅ ይችላል። ጥቅሉን መቆጠብ የሚፈልግ ሰው መጠኑን የሚያውቀውን አንድ ፋይል፣ ለምሳሌ የ10 ሜጋባይት ፋይል፣ በሁለቱም ሲም አውርዶ በሰዓት ቢቆጥር ለዕለት አገልግሎት የሚበቃ መልስ ያገኛል። ከአንድ ልኬት ይልቅ ጠዋት፣ ቀትርና ምሽት፣ በሚኖርበትና በሚሠራበት ቦታ፣ ለጥቂት ቀናት መድገሙ ይሻላል፤ ምሽቱ በተለይ መዘለል የለበትም።

አማካይና ሜዲያን

ድርጅቶች የአገር ወይም የኔትወርክ ደረጃ ሲያወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ልኬቶችን ወደ አንድ ቁጥር ያጠቃልላሉ። አማካይ ሁሉንም ደምሮ ማካፈል ሲሆን፣ ሜዲያን ውጤቶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው ነው። አምስት ሰዎች 2፣ 3፣ 3፣ 4 እና 88 ሜጋቢት ቢያገኙ አማካዩ 20 ነው፤ ከአምስቱ ግን 20 ያገኘ ቀርቶ የቀረበም የለም። ሜዲያኑ 3 ነው፤ ይህም የአብዛኛውን ሰው ሁኔታ ይናገራል። ኡክላ ራሱ የአገሮችን ደረጃ ቀድሞ በአማካይ ያወጣ ነበር፤ በኋላ ወደ ሜዲያን ተዛውሯል። ዜና ላይ የወጣን ደረጃ ለማንበብ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የትኛው እንደሆነ ነው።

ሽፋን

ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የፍጥነት ልኬት ማድረግ አይቻልም። ይህ ቀላል ነገር የደረጃ ሰንጠረዦችን ሁሉ ያዛባል። ማማዎቹን በትልልቅ ከተሞች ብቻ የተከለ ድርጅት የሚለካው በእነዚያ ከተሞች ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። በገጠር ወረዳ 2ጂና 3ጂ ይዞ የሚያገለግል ድርጅት ደግሞ እነዚያ ዝቅተኛ ውጤቶች ተደምረውበት ወደ ታች ይወርዳል። በገጠሩ ያለው ሰው ግን በሰንጠረዡ ቀዳሚ የሆነውን ኔትወርክ ቢገዛ የሚያገኘው ዜሮ ነው፤ ያ ዜሮም በማንም ስሌት ውስጥ አልገባም። ከከተማ ወደ ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ነጋዴ ወይም ሾፌር ሁለቱንም ሲም የሚይዘው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።