ለውጡ ለምን ዘገየ?

ልደታ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ከጥቁር አንበሳና ከአማኑኤል ሆስፒታል ማዘዣ ይዘው ብዙ ሰዎች ይመጣሉ። ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን የታዘዘላቸው ደጋግመው የሚሉኝ አንድ ነው፦ «አሥር ቀን ዋጥኩት፣ ማቅለሽለሽ እንጂ ለውጥ የለውም። ብተወውስ?»

እባካችሁ አትተዉት። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካል ነው። አንዱ ሴል ሴሮቶኒን ይለቃል፣ ቀጣዩ ይቀበላል፣ የተረፈውን የለቀቀው ሴል መልሶ ይወስደዋል። ፍሉኦክሰቲን ይህን መልሶ መውሰድ ያግዳል፤ ሥራውንም የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው። ግን ሴሮቶኒን ሲበዛ ለቃቂው ሴል ላይ ያሉ ተቀባዮች «ቀንስ» የሚል ምልክት ይሰጡታል። እነሱ እስኪለምዱ፣ ሴሎቹም ግንኙነታቸውን እስኪያስተካክሉ ሳምንታት ይፈጃል። በብዙ ሰው ላይ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ማቅለሽለሹ የሚቀድመው ግን አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ያለው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ነው። ምግብ በልቶ መዋጥ ያቀለዋል፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ይጠፋል።

(«ድባቴ የሴሮቶኒን እጥረት ነው» የሚለውን አባባል እኔ አልጠቀምበትም፤ ጥናት አላረጋገጠውም። መድኃኒቱ ብዙዎችን መርዳቱ ግን ተረጋግጧል።)

ለሌላ ዓይነት የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፐሪዶልና ሪስፐሪዶን የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ የዶፓሚን ተቀባዮችን ይሸፍናሉ። ታማሚው የሌለ ድምፅ መስማቱና ያለምክንያት ሰው መጠርጠሩ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ከመጠን በላይ ሲሸፈኑ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «በሽታው ባሰበት» ብሎ መድኃኒቱን ይደብቃል። የሚያስፈልገው መጠኑን እንዲያስተካክል ለሐኪሙ መንገር ነው።

ስለ ጫትም ልናገር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ጠዋት ሪስፐሪዶን ውጦ ከሰዓት ጫት የሚቅም ልጅ መድኃኒቱ የሚያበርደውን መልሶ እያቀጣጠለው ነው። ልጃችሁ ከቃመ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።

ከ25 ዓመት በታች የሆነ ወጣት የድባቴ መድኃኒት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻውን አትተዉት። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከተናገረ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሲሻላችሁም ወዲያው አታቁሙ፤ የድባቴ መድኃኒትን ከተሻላችሁ በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ፀበል የምትገቡም ክኒናችሁን ይዛችሁ ግቡ። የምታቆሙበት ጊዜ ሲደርስ ያዘዘላችሁ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል።